አጋሙ ሥር የነበሩት ወይራዎች

መምህር ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ከደብረ ሲና ዝቅ ብሎ፣ ደጋው ወደ ቆላ መውረድ በሚጀምርበት ፊት ላይ ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ድንጋያማ ተረተር አለ። አጋም፣ ቀጋ፣ ክትክታና እምቧጮ ተጠላልፈው ይዘውታል። ለእርሻ አይመችም። ልጆች በእረፍት ሰዓት እሾህ እየወጋቸው አጋም የሚለቅሙበት፣ ፍየል የሚውልበት ቦታ ነው። እኔ ግን ያኔ ሳየው የሚታየኝ ባዶ መሬት ነበር።

ሰኔ ላይ ለትምህርት ቤቱ አምስት መቶ ችግኝ መጣ። የት ይተከል ሲባል ተረተሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ልጆቹን "ነገ ገጀራና መጥረቢያ ይዛችሁ ኑ" አልኳቸው። ሁለት ቀን ሙሉ መነጠርን። ቁጥቋጦው ተቆርጦ ተከመረ፤ ጉድጓዱ በገመድ እየተለካ በመስመር ተቆፈረ፤ ችግኙ ከፕላስቲኩ እየወጣ ተተከለ። ፎቶ ተነሣን። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪ ስለነበርኩ የዓመቱ ትልቁ ሥራዬ ይህ ነው ብዬ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ከተማሪዎቼ የአንዱ አያት በምርኩዝ ተደግፈው መጡ። የተከልነውን ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ወደ ተከመረው አጋም ሄዱና በምርኩዛቸው ጫፍ ገለጥ ገለጥ ማድረግ ጀመሩ።

"መምህርት፣ የተከላችሁትን አየሁት፤ ያምራል። የነቀላችሁትንስ ቆጥራችሁታል?"

አልገባኝም። ጎንበስ ብለው ከክምሩ ውስጥ አንድ ቀጭን ግንድ ሳቡ። አውራ ጣት ታክላለች፤ ቅጠሏ ጠባብ፣ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ወደ ወርቅማ የሚያደላ። ወይራ ነበረች። ሌላ ሳቡ፤ ወይራ። ቀጥለው አንድ ስንዝር የማትሞላ የሐበሻ ጥድ ከነሥሯ አወጡ። "አጋም እሾሁን ማንን ሊወጋ ያበቀለው መሰለሽ?" አሉኝ። "ወፍ የወይራ ፍሬ በልታ አጋሙ ላይ ታርፋለች። ፍሬው እዚያው ሥሩ ይወድቃል። ጥላው ከፀሐይ፣ እሾሁ ከፍየል ይጠብቀዋል። አጋሙን አልፎ እስኪወጣ ሞግዚቱ እሱ ነው።"

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ክምሩን አንድ በአንድ አነሣሁት። ከሠላሳ በላይ ቆጥሬ መቀጠል አቃተኝ። እነዚያ ወይራዎች ማንም ሳይተክላቸው፣ ማንም ውሃ ሳያጠጣቸው የበቀሉ ነበሩ። ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው የሚያውቅ የለም፤ ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። በምትካቸው የተከልነውን አምስት መቶ ችግኝ ጥር ላይ ስቆጥር በሕይወት ያለው አርባ አይሞላም ነበር።

ይህን ታሪክ እስካሁን በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ብዙ መምህራን ያንኑ ስህተት በቅን ልብ እየደገሙት እንደሆነ ስለማይ ነው። ዲግሪ ነበረኝ። ቅጠል ምግቡን ከብርሃን እንዴት እንደሚሠራ በሰሌዳ ላይ ሥዬ ማስረዳት እችል ነበር። በየቀኑ ጀርባዬን ሰጥቼው የማስተምረው ተረተር ላይ ምን እንደበቀለ ግን አላውቅም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ባሶና ወራና ተዛወርኩ። ከደብረ ብርሃን ብዙም የማይርቅ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ደጋ ነው። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ እንደደረስኩ ለአምስተኛ ክፍል ልጆቼ አንድ ሥራ ሰጠኋቸው፦ "ዛፍ ሳሉ" አልኳቸው፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሳሉት አንድ ዓይነት ነበር። ቀጥ ያለ ረጅም ግንድ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቅጠል። ባሕር ዛፍ።

አልፈረድኩባቸውም። ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት ሲመጡ የሚያዩት እሱን ነው። "ከቤታችሁ እስከዚህ ድረስ ስንት ዓይነት ዛፍ አለ?" ስላቸው ሦስት፣ አራት አሉኝ። ሌላው "ቁጥቋጦ" ነው። ስም የለውም። የሽማግሌው ጥያቄ ትዝ አለኝ። ስሙን የማያውቁትን ነገር እንዴት ይቆጥሩታል?

ስለዚህ ችግኝ፣ ጉድጓድ፣ አካፋ ሳልል ከስም ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ልጅ የቤት ሥራው ይህ ነበር፦ አያትህን ወይም በሰፈርህ ያሉ አንድ ትልቅ ሰው ይዘህ ከቤትህ አጥር ጀምር፤ የእያንዳንዱን ስምና ለምን እንደሚሆን ጠይቀህ ጻፍ፤ አንድ ቅጠል በደብተርህ መሐል አድርገህ አምጣ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰሌዳው ከአርባ በላይ ስም ያዘ። ወይራ፤ ዕቃ ይታጠንበታል። ጥንጁት፤ እሱም ለማጠኛ። ግራዋ፤ የጠላ ጋን ይታጠብበታል። ውልክፋ፤ ልጡ ገመድ ይሆናል። የሐበሻ ጥድ፤ ምስጥ ስለማይደፍረው ለአጥር ቋሚ። አስታ፣ አምጃ፣ አንፋር፣ ቀለዋ፣ ቀጨሞ፣ ጌሾ፣ እንዶድ። አንዳንዱን ስም እኔም የሰማሁት ያን ዕለት ነው። አንዲት ልጅ አያቷ "ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አገኘሁ" ብለው ሌሊቱን ሲያወሯት እንዳደሩ ነገረችኝ። እነዚያ አያቶች ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ስለ ምንም ነገር ጠይቋቸው አያውቅም ነበር፤ መዋጮ ካልሆነ በቀር።

ክርክርም ተነሣ፤ እኔ የወደድኩት ይህን ነው። ከሁለት የተለያዩ ጎጦች የመጡ ልጆች ለአንድ ቅጠል ሁለት ስም ይዘው መጡ። አንዱ "አባቴ ዋሽቷል ወይ?" ብሎ ሊጣላ ደረሰ። ሁለቱን ቅጠሎች ጎን ለጎን አድርገን ጠርዛቸውን፣ የደም ሥራቸውን፣ ሽታቸውን አየን። ያው ነበሩ። አንድ ዛፍ በሁለት ጎጥ ሁለት ስም ሊኖረው እንደሚችል፣ ሳይንስም አንድ የጋራ ስም ማውጣት ያስፈለገው ለዚሁ መሆኑን ያን ቀን ሳልደክም አስተማርኩ።

ከአርባዎቹ ስሞች ሁሉ ትምህርት ቤቱን ያናወጠው ግን ኮሶ ነው። ኮሶ መራራ መሆኑን ሁሉም ልጅ ያውቃል፤ ፊቱን ያጨማደደ ሰው "ኮሶ የጠጣ መሰለ" ይባላል። ዛፉን አሳዩኝ ስላቸው ግን ዝም አሉ። የትምህርት ቤታችን ደወል፣ ያ የመኪና ቸርኬ፣ የተንጠለጠለው በትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ወደ ውጭ አወጣኋቸውና ደወሉ ሥር አቆምኳቸው። "ይሄ ነው" አልኳቸው። አምስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሥሩ ተሰልፈው መዝሙር ዘምረዋል። ቀና ብለው ሲያዩት አንዳቸውም አልተናገሩም።

ከኮሶው ብዙ ተማርን። ሴትና ወንድ ያለው ዛፍ ነው፤ ሴቴው አበባዋ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ እንደ ሹሩባ ተንዠርግጎ የሚወርድ ነው። ለኮሶ ትል የሚወቀጠውም የሴቴዋ አበባ ነው። የወንዴው ፈዘዝ ያለ ነው። ልጆቹ አበባው እስኪወጣ ጠብቀው የኛው ወንድ መሆኑን አረጋገጡ። አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ታዲያ ሚስቱ የት ናት?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ከዚያ የበለጠ ጥያቄ በዚያ ዓመት አልሰማሁም። ፍለጋ ወጣን። የቅርቧን ሴቴ ኮሶ ያገኘናት በደብሩ ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። በመሐከላቸው ያለውን ርቀት በእርምጃ ለኩ፤ አንዷ ብትቆረጥ ሌላው ምን እንደሚሆን ለራሳቸው አሰቡት፤ እኔ አልነገርኳቸውም። ሳይንስ ለዚህ ዛፍ የሰጠው ስም ሃጌኒያ አቢሲኒካ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ቃል "የሐበሻ" ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ግን ደብተራቸው ላይ በትልቁ ጻፉት።

ደብሩን ካነሣሁ አይቀር፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ የጥንቱ ደን ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። ዙሪያው የታረሰ ማሳ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ክብ አለ። ልጆቹን ይዤ ስሄድ የደብሩ አባት ከደጃፉ ተቀበሉን። ለምን እንደማይቆረጥ ጠየቅናቸው። ስለ አየር ንብረት ምንም አላወሩም። "ልጆቼ፣ ዛፉ የደብሩ ልብስ ነው። የእናታችሁን ነጠላ ትገፋላችሁ?" አሏቸው። እኔ በአንድ ወር የማልጨርሰውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። ከዚያ እዚያው የሒሳብ ትምህርት አደረግን። የአንድ ሜትር ዱላ አቁመን ጥላውን ለካን፤ 60 ሳንቲ ሜትር። ከዳር ያለው ዝግባ ጥላ 15 ሜትር። ዛፉ 25 ሜትር መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ደረሱበት። ግንዱን ለማቀፍ አራት ልጅ እጅ ለእጅ መያያዝ አስፈለገ። ከአራቱ አንዷ ጉንጯን ቅርፊቱ ላይ አስደግፋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ወፍ ዋሻ የሄድነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባሶና ወራና፣ አንኮበርና ጣርማበር ወረዳዎች የሚጋሩት፣ ገደሉን ይዞ የወረደ የተፈጥሮ ደን ነው። ከላይ አስታ፣ ዝቅ ሲሉ ኮሶና ጥድ፣ ከዚያም ዝግባና ጥቁር እንጨት። ከዘመናት በፊት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ንጉሥ፣ ከዚህ ደን የጥድ ዘር አስወስደው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለውን የመናገሻን ደን አስተከሉ ይባላል። ይህን ለልጆቹ ስነግር ከተማቸውና ደኑ በአንድ ሰው ታሪክ ተያያዙላቸው። ደኑ ውስጥ አምስት ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ ዝም ብሎ መስማት ነበር ትምህርቱ። ቀን ሙሉ ዝም የማይለው ልጅ ሳይቀር ዝም አለ። ጉሬዛ ከላይ ቅርንጫፍ ስትዘል ሰሙ፤ ከሥር ውሃ ሰሙ።

ያ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ሌላ ትምህርት ሆነ። የጣርማበር ሸንተረር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የሁለት ወንዞች ድንበር ነው። በምሥራቅ ፊቱ የወደቀ ዝናብ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በምዕራቡ፣ በእኛ በኩል የወደቀው ወደ በሬሳ፣ ከበሬሳ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ልጆቹ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ የዓባይ ልጅ መሆኑን ሲሰሙ በዓይናቸው ከፍ አለ። ክፍል ስንመለስ ሁለት ሃይላንድ ጎናቸውን ቀደን አፈር ሞላንባቸው። አንዱ ባዶ አፈር፣ ሌላው ከደኑ ዳር ያመጣነው ቅጠልና ሣር የለበሰ። እኩል ውሃ አፈሰስንባቸው። ከአንዱ የወጣው ውሃ እንደ ሻይ ቀላ፤ ከሌላው ዘግየት ብሎ ጥርት ያለ ጠብ ጠብ አለ። አንዱ ልጅ ድፍርሱን አንሥቶ በብርሃን እያየ "ይሄ የአባቴ ማሳ ነው" አለ። እኔ ላክልበት የምችለው ነገር አልነበረም።

ወደ ወፍ ዋሻ ተመልሰን አልሄድንም። የጸጥታው ነገር አልተመቸም፤ ወላጅም ልጁን ወደ ጫካ ለመላክ ሰጋ። ባልፈርድም አንድ ነገር አሳሰበኝ። በቋንቋችን "ጫካ ገባ" ማለት ምን እንደሆነ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ "ዱርዬ" የሚለውም ከዱር የመጣ ነው። በጅብ እየተስፈራራ፣ ዱር መጥፎ ነገር እየተባለ ላደገ ልጅ ደኑን ውደድ ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቅርብ ካለው፣ ከአጥሩ፣ ከደወሉ ዛፍ መጀመር አለበት እላለሁ።

ስለ ባሕር ዛፍ ሳልጽፍ ባልፍ ለተማሪዎቼ ታማኝ አልሆንም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ጠላት ነበር የማስተምረው። ውሃ ይመጥጣል፣ ሥሩ ምንም አያበቅልም፣ ምድር ያደርቃል። አንድ ቀን አንድ ልጅ ጎበዝ ተማሪ ሆኖ ሳለ ፊቱን አዞረብኝ። ስጠይቀው "ቲቸር፣ የኔ ደብተርኮ ከባሕር ዛፍ ነው" አለኝ። አባቱ አጣና ሸጦ ነው ደብተርና ዩኒፎርም የገዛለት። ቤታቸው ቋሚውም፣ ወራጁም፣ ማገሩም ባሕር ዛፍ ነው። እኔ በክፍሉ ፊት የልጁን አባት ስሰድብ ነበር የከረምኩት።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ከነምክንያቱ ነው የማስተምረው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. አካባቢ፣ አዲስ አበባ አዲስ በነበረችበት ጊዜ፣ የከተማዋ ዙሪያ እንጨት እያለቀ ሲሄድ ዐፄ ምኒልክ ከውጭ አስመጡት። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። ለደሃ ገበሬ ቆሞ የሚጠብቅ የባንክ ደብተር ማለት ነው። የተረፈው ጥድና ወይራም ባሕር ዛፍ ስላለ ከመቆረጥ የዳነበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ ልጆቹን ወደ ማሳ ዳር አወጣኋቸው። ከባሕር ዛፉ መስመር ጀምረው ገብሱ ቁመቱ እስኪስተካከል ድረስ በእርምጃ ቆጠሩ። የገዛ አባቱ ማሳ ላይ የቆጠረው ያው ልጅ ነው። ለአባቱ ምን እንደሚነግረው ራሱ ይወስን ብዬ ተውኩት። በዓመቱ አባትየው በስብሰባ ቀን ጠጋ ብሎ "መምህርት፣ ከማሳው ዳር ያለውን ልነቅለው ነው፤ ከገደሉ በኩል ያለውን ግን አልነካም" አለኝ። ለእኔ ትክክለኛ ፍርድ ነበር።

ኩበትም የደን ትምህርት ነው። በእኛ ደጋ ቤት ሁሉ ግድግዳው በኩበት ያጌጠ ነው፤ የሚጠፈጥፉትም በብዛት ሴት ልጆች ናቸው። ማገዶ ስለሌለ እበቱ ይነዳል፤ እበቱ ስለሚነድ ማሳው ይራባል፤ ማሳው ስለሚራብ ሌላ መሬት ይታረሳል። ይህን ክብ ሰሌዳ ላይ እኔ አልሣልኩትም፤ ጠዋት ኩበት ጠፍጥፋ እጇን ታጥባ የመጣች ልጅ ናት የሣለችው። መሐሉ ላይ ምን እንደምትጽፍ ስጠይቃት ጠመኔውን ይዛ ቆይታ "ዛፍ" ብላ ጻፈች።

ደንን መጠበቅ ከውጭ የመጣ ትምህርት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የመንዝ ጓሳ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት መጠበቂያ ባህላዊ ሥርዓት ያን የጓሳ ሣር ለ400 ዓመት ገደማ ሲጠብቀው ኖሯል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ በበጋው ድርቅ ሰዓት ሲከፈት ሰዉ ያጭድ ነበር። የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ እንደገና ይዘጋ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢናጋም የአካባቢው ሰው ጨርሶ አልተወውም። አንድ የክፍሌ ልጅ አያቱ የሚለብሱትን የጓሳ ገሳ አምጥቶ ሲያሳየን እነዚያ ሕጎች በትከሻው ላይ ነበሩ።

አሁን ወደ ችግኝ ልመለስ። ችግኝ ተከላን አልቃወምም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኔም ከልጆቼ ጋር ጭቃ ውስጥ ነበርኩ። ችግሩ የቀን መቁጠሪያ ነው። የእኛ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሰኔ ላይ የተከለ ልጅ መስከረም ላይ ሌላ ክፍል ነው፤ ስምንተኛን የጨረሰ ደግሞ ጭራሽ አይመለስም። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ አመዳዩ ይመጣል። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ለስላሳ ችግኝ በአንድ ሌሊት እንደፈላ ጎመን ይሆናል። ያን ሰዓት የሚያየው ሰው የለም። ፎቶው የተነሣው ሰኔ ላይ ነው።

ቋንቋችን ለዚህ አንድ ቃል አለው፤ ልጆቹን ሁልጊዜ ከእሱ ነው የማስጀምራቸው። ችግኝ ሲይዝ "ጸደቀ" እንላለን። ነፍስ ስትድን የምንለውን ቃል ነው። ተተከለና ጸደቀ አንድ አይደሉም። ስለዚህ የእኛ ክፍል መዝገብ "የተተከለ" የሚል ዓምድ የለውም። ሦስት ዓምድ ነው ያለው፦ ጥቅምት፣ ጥር፣ ሚያዝያ። በእነዚህ ወራት ልጁ ሄዶ አይቶ አለች ወይም የለችም ብሎ ይጽፋል። ችግኟ በትምህርት ቤት ሳይሆን ልጁ ክረምትም በጋም በሚያልፍባት በቤቱ አጥር ሥር ናት። በአመዳዩ ወራት ማታ ማታ ገለባ ያለብሳታል። አንዷ እናት "ልጄ ለራሱ ሳይለብስ ለሷ ገለባ ያለብሳል" ብላ ከስሳብኛለች።

በክረምት መግቢያ፣ ክፍሉ ከመዘጋቱ በፊት፣ እንቆቅልሽ እንጫወታለን። ዛፍ ላይ ብቻ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ይፈጥራሉ። "እንቆቅልህ?" "ምን አውቅልህ!" "እሾሁ ለራሱ አይደለም፤ የሌላ ልጅ ያሳድጋል።" የኛ ክፍል አወቀው፤ እንግዳ ሆኖ የመጣው የሌላው ክፍል መምህር ግን አልቻለም። "አገር ስጠኝ!" አለው ልጁ። "ምን አገር ልስጥህ?" "ወፍ ዋሻን!" ሰጠው። ልጁ ዙፋን ላይ እንደወጣ ሰው ወፍ ዋሻን ተቀብሎ ተቀመጠ።

ባለፈው ጥር ያቺ ዝግባውን ጉንጯን አስደግፋ የቆየችው ልጅ፣ አሁን ሰባተኛ ክፍል ናት፣ በእረፍት ሰዓት መጥታ እጄን ይዛ ሳበችኝ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ አጥሩ በፈረሰበት በኩል፣ ማንም የማይሄድበት ጥግ ላይ አንድ የቀጋ ቁጥቋጦ አለ። ለግንባታ ይጸዳል ተብሎ ኖራ ተረጭቶበታል። ተንበርክካ ቅርንጫፉን በጥንቃቄ ገለጥ አደረገችው። ሥሩ ላይ፣ በደረቀ ቅጠል መሐል፣ ትናንሽ የሐበሻ ጥዶች ነበሩ። ትልቋ ከጣቴ አትበልጥም።

"ስንት ናቸው?" አልኳት።

ቀድማ ቆጥራቸዋለች። ደብተሯን አውጥታ ሰጠችኝ። አሥራ አንድ፤ ለእያንዳንዷ ቁጥር፣ ከእያንዳንዷ ፊት ለፊት ጥቅምት፣ ጥር፣ ሚያዝያ። የጥቅምቱ ዓምድ ላይ "አልታየችም ነበር" ብላ ጽፋለች፤ የጥሩ ላይ "አለች"።

ደብተሩን ይዤ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ስመለስ ድንጋይ እየለቀመች ቀጋው ዙሪያ ትደረድር ነበር፤ ሌሎች አራት ልጆች ተጨምረው ነበር።